ወራጅ አለ

«አማኑኤል ሆስፒታል ጋ ወራጅ አለ!» ስል ታክሲው በሙሉ ዞሮ አየን። አጠገባችን የነበረችው ሴት ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ምን አደረጋት? ከፒያሳ ጀምሮ ዝም ብሎ በመስኮት ሲያይ ነው የመጣው!

የአእምሮ ሆስፒታሉ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ አለ፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ መሰዳደቢያ ነው። ስኳር ያለበት ሰው መርፌውን ሲወጋ «እግዜር ይማርህ» ይባላል። የኔ ወንድም ኪኒኑን ሲውጥ ግን «ሱሱ ነው ያሳበደው»። አብረውት የቃሙና የጨበሱ ጓደኞቹ ዛሬ ሰላም አይሉትም። እማዬም ለእድር ሰዎች «ጨጓራውን ነው» ትላለች። (ጨጓራ መታደል ነው፣ ማንንም አያሳፍርም።)

ጠበሉንም ይጠመቃል፣ መድኃኒቱንም ይውጣል። ሥራ ሲጠይቅ ግን «እሱ እኮ ትንሽ...» ብለው ጣታቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ያዞራሉ። እዚያው ቆሞ እያያቸው!