ግጣሙ እኔ ጋ ነው

የእድራችን ትልቁ ብረት ድስት ከጠፋ ሦስት ወር ሆነው። ትልቁ ስል በዋዛ እንዳታዩት፤ ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ጆሮውን ካልያዙት ንቅንቅ አይልም። የሰፈሩን ለቀስተኛ ሁሉ ያበላ ድስት ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ኪስ ውስጥ ተሸጉጦ አይወጣም። መጋዘኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ዳኛው ጋ፣ አንዱ ጸሐፊው ጋ፣ አንዱ ገንዘብ ያዡ ጋ። በሩ ላይ ዘበኛ አለ። ሦስቱም ቁልፍ አለ፣ ዘበኛውም አለ፣ ድስቱ የለም።

የተረፈው ግጣሙ ነው። እሱም የተረፈው አንዲት እናት «ጥላሸት ውጦታል፣ በአመድ ልፈትገው» ብለው ቤታቸው ወስደውት ስለነበር ነው። ከዚያ ወዲህ ሰፈርተኛው እማማ ግጣም ይላቸዋል። ድስት ግጣሙን አያጣም ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ግጣም ድስቱን ሲያጣ ያየሁት ግን እሳቸው ጋ ነው።

ባለፈው ጊዜ ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። እማማ ግጣም ግጣሙን እንደ ልጅ ታቅፈው መጡና ፊት ለፊት ተቀመጡ። ዳኛችን ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የፓርላማ ስርጭት አያመልጣቸውም። ከረቫታቸውን አስረው ተነሡ።

«የተከበራችሁ አባላት፤ የዘጠኝ ወር የንብረት ጥበቃ አፈጻጸማችን በአጠቃላይ ሲታይ አበረታች ነው። ካሉን 214 ዕቃዎች 213ቱ በቦታቸው ይገኛሉ። በመቶኛ ሲሰላ ከ99 በላይ ነው።»

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ቀደመኝ። ለካ ስኒውንም፣ ጭልፋውንም፣ የተሰበረውን አግዳሚ ወንበርም አንድ አንድ ብለው ቆጥረውታል። ጭልፋና ድስት በሒሳብ እኩል ናቸው።

«በክፍተት የታየው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንድ የማብሰያ ቁስ በጊዜያዊነት ከእይታ ውጭ መሆኑ ነው። በዚህ ረገድ ከባለድርሻ አካላት ጋር ቅንጅታዊ አሠራር እንዲጠናከር አቅጣጫ ተቀምጧል።»

ይህን ቋንቋ አውቀዋለሁ። አራት ኪሎ ተወልዶ፣ በቴሌቪዥን በኩል ወደየሳሎናችን ወርዶ፣ ይኸው እድር ገባ። የፍትሕና የጸጥታ ሪፖርት የሚቀርብበትን ዕለት ልብ ብላችሁ ተከታተሉት። «በጥንካሬ የታዩ» ይቀድማል። ስንት መዝገብ ውሳኔ አገኘ፣ የማስቀጣት ምጣኔው ስንት በመቶ ደረሰ፣ ስንት ሺህ ሰው የግንዛቤ ማስጨበጫ ተሰጠው። ምጣኔው የሚሰላው ፍርድ ካገኘው መዝገብ ላይ ነው። ክስ ሳይመሠረትበት ጣቢያ የከረመው ሰው በዚያ ሒሳብ ውስጥ ቦታ የለውም። እሱ በጊዜያዊነት ከእይታ ውጭ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ሰዓት ይቆጥራል። አንቀጽ 19፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ችግሩ ከቀረበ በኋላ ያለው ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለምርመራ በአንድ ጊዜ እስከ 14 ቀን ቀጠሮ መስጠትን ፈቀደ። «በአንድ ጊዜ» የሚለውን እንደ ልብስ ሰፊ ቀጠሮ ቁጠሩት። እኔ ለልጄ ሠርግ ያሰፋሁትን ሱሪ በዚህ ዓይነት ቀጠሮ ለልጅ ልጄ ክርስትና ነው የለበስኩት።

በወረቀት ላይ ከሆነ ምክር ቤታችን ጉልበት አላነሰውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌላውን የፌዴራል ባለሥልጣን ጠርቶ መጠየቅ፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር መመርመር ይችላል ይላል። ቀጣዩ ንዑስ አንቀጽ 18 ይብሳል፤ ከአባላቱ ሲሶው ከጠየቀ፣ በአስፈጻሚው ሥልጣን ሥር ያለ የፈለጉት ጉዳይ ላይ ተወያይተው መወሰን ይችላሉ። የ547 ሲሶ 183 ሰው ነው። በ2002ቱ ምርጫ ከተቃዋሚ ፓርቲ የገባው አንድ ሰው ነበር። አንድ ሰው እንኳን ሲሶ፣ የካርታ መጫወቻ ጓድም አይሞላም። በ2007ቱ እሱም ቀረና 547ቱም ወንበር ለገዢው ግንባርና ለአጋሮቹ ሆነ። በ2013ቱ ጥቂቶች ገብተዋል፤ ያኔም ሲሶውን ለመሙላት ከገዢው ፓርቲ ቤት ብድር መሄድ ያስፈልግ ነበር።

መሥሪያ ቤቱስ ቢሆን መቼ ቆሞ ይጠብቃል? ፍትሕ ሚኒስቴር የነበረው በ2008 ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ሆነ። በ2014 ተመልሶ ፍትሕ ሚኒስቴር ሆነ። ይህን የሰሙት ዳኛችን ከድስቱ መጥፋት በኋላ የወሰዱት የመጀመሪያ እርምጃ መጋዘኑን «የንብረት ደኅንነት ማዕከል» ብሎ መሰየም ነበር። ታፔላ ተሠራ። ታፔላው 214ኛ ዕቃ ሆኖ መዝገብ ላይ ስለ ሰፈረ፣ በሚቀጥለው ሪፖርት አፈጻጸማችን መቶ በመቶ ይገባል።

እንዲያው ለነገሩ ፓርላማው ሥራ ፈት ነው እያልኩ አይደለም። ሲጠራ ይመጣል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ አባላቱ እረፍት ላይ ነበሩ፤ የዓመቱ የሥራ ጊዜያቸው ሰኔ 30 ላይ ያበቃልና። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 እረፍት ላይ ከሆኑ በ15 ቀን ውስጥ ይቅረብላቸው ይላል፤ ነሐሴ 8 ቀን ተሰብስበው አጸደቁት። ለስድስት ወር ነበር። ጥር 2016 ላይ እንደገና ተሰብስበው አራት ወር ጨመሩበት። በቀጠሮ አክባሪነት ማንም አይማቸውም።

እኔን ግን የሚገርመኝ እዚያው አንቀጽ 93 ውስጥ የተደበቀችው ሌላዋ ነገር ናት። አዋጁ በታወጀ ጊዜ ሰባት ሰው ያለበት መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል። የመጀመሪያ ሥራው በአዋጁ ምክንያት የተያዙትን ሁሉ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ስማቸውን ይፋ ማድረግ፣ የተያዙበትንም ምክንያት መግለጽ ነው። ሕጉ የጠየቀው ስም ነው። በመቶኛ አላለም። «በርካታ»ም አላለም። ይህን አንቀጽ የጻፈው ሰው አንድ ቀን ጥሩ ድስት ጠፍቶበት የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ታዲያ ጥያቄው ሁሉ የት ይቀልጣል? እኔ ምስጢሩን ያገኘሁት ከባለቤቴ ነው። ባለቤቴ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቀው። «የት አመሸህ?» ስብሰባ። «ማን ማን ነበረ?» የእድሩ ጸሐፊ። «ጸሐፊው እኮ አሁን ከእኔ ጋር ሱቅ በር ላይ ነበር።» አለቀ። ሦስተኛዋ ላይ ወደቅሁ። አሁን ይህችው ሴት አንድ ጊዜ ተነሥታ «የት አመሸህ? ስልክህ ለምን ተዘጋ? ጣሪያው መቼ ይጠገናል? የልጁ ትምህርት ቤት ክፍያስ? ደግሞም ለቤተሰቡ ለምታደርገው ጥረት ላመሰግንህ እወዳለሁ» ብትለኝ፣ እኔ ስለ ጣሪያው ብቻ ግማሽ ሰዓት እናገር ነበር። የቆርቆሮ ዋጋ፣ የምስማር ዋጋ፣ የአየር ጠባይ ለውጥ። እግረ መንገዴንም ምስጋናውን እቀበላለሁ።

አራት ኪሎ የሚጠየቀው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። አንዱ ተነሥቶ ስለ መንገድ ደኅንነትና ስለ ሰው እገታ ይጠይቃል። ሌላው ስለ ዳኞች እጥረት። ሦስተኛው በወከለው አካባቢ ስለተቋረጠ የድልድይ ግንባታ። ጥያቄው ተሰብስቦ ያልቅና መላሹ ማይኩን ይረከባል። ያን ጊዜ ከድልድዩ ይጀምራል። ስለ ድልድይ የማይናገር ማን አለ? እገታውን የጠየቀው ሰው «አይ፣ እኔ እንኳ ያልኩት እንዲህ ነበር» የሚልበት ተራ አያገኝም። ከሩቅ አገር ስልክ ተደውሎለት፣ መሬት ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ልጁን ያስለቀቀው አባት ደግሞ በቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብሎ የድልድዩን ርዝመት በሜትር ይሰማል።

የድሮ ሙግት እንዲህ አልነበረም። «ተጠየቅ!» ሲባል የተጠየቀው ያንኑ የተጠየቀውን ነው የሚመልሰው። «በላ ልበልሃ» ብሎ ከዘራውን እየሰበቀ ፊት ለፊት ይገጥማል፤ «እንዲህ ባይሆን በማር፣ እንዲህ ባይሆን በበቅሎ» እያለ ይወራረዳል። ከሁሉ የሚጥመኝ ግን ቁራኛው ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ነገሩ እስኪቆረጥ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ። እስቲ አስቡት፤ ጠያቂው የምክር ቤት አባልና ሚኒስትሩ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ከአዳራሹ ሲወጡ። መኪና ውስጥ አብረው ሊገቡ ነው። ምሳ አብረው ሊበሉ ነው። «ስለ ታሳሪዎቹ ያልኩዎትስ?» ሲል ሽሮው ላይ፣ «ያቺን ነገር» ሲል ቡናው ላይ። በሁለተኛው ቀን መልስ ባይገኝ ከኔ ራስ።

ናፋቂ ነው እንዳትሉኝ፤ የድሮው ሁሉ ማር አልነበረም። በስብሰባው ላይ አንድ አዛውንት «አውጫጭኝ እንቀመጥ» ብለው ነበር። አውጫጭኝ ማለት ሌባው እስኪታወቅ አገሬውን ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ሰብስቦ ማዋል ነው፤ የቀረ ይቀጣል። ሰብሉ ማሳ ላይ እየረገፈ፣ ምንም ያላጠፋው ሰው ከሌባው ጋር ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ዳኛችን «ያ ያረጀ አሠራር ነው» ብለው ሲቃወሙ ደግፌያቸዋለሁ። በዚያ ስብሰባ የደገፍኳቸው በዚህችው ብቻ ነው።

ከዚያ ጥያቄ ተፈቀደ። አንዱ የወር መዋጮ ለምን እንደ ጨመረ ጠየቀ። አንዷ ድንኳኑ እንደሚያፈስ ተናገረች። አንዱ «በቅድሚያ ዳኛችን ቀን ከሌሊት ለሚያደርጉት ጥረት» ብሎ ጀምሮ ጥያቄውን ረሳው። እማማ ግጣም ተነሡ።

«ግጣሙ እኔ ጋ ነው። ድስቱ የት ነው?»

ዳኛው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ሌሎች ሦስት ሰዎችም ጠየቁ፤ እነሱንም ጻፉ። ከዚያ መመለስ ጀመሩ፤ ከድንኳኑ። ድንኳኑ በማን ዘመን እንደ ተገዛ፣ ሸራው ከየት እንደ መጣ፣ ያን ጊዜ ሜትሩ ስንት እንደ ነበር። ወደ መዋጮው አለፉ። በመጨረሻ «እናታችን ያነሡት የማብሰያ ቁስ ጉዳይ በሪፖርቱ በክፍተት የተካተተ ስለሆነ አልደግመውም» አሉ። እማማ እጃቸውን እንደገና አወጡ።

«እናታችን፣ ዕድሉ ተሰጥቶዎት ነበር። ለሌሎችም እናስብ።»

«ሌሎች ግጣም አልያዙማ፣ ልጄ!» አሉ። ሳቅ ሆነ። ሪፖርቱ በአንድ ተቃውሞና በአምስት ድምፀ ተአቅቦ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ። ከአምስቱ አንዱ እኔ ነኝ። ዳኛው ጎረቤቴ ናቸው፣ የማስፋፊያ አጥሬንም ያያሉ።

በሳምንቱ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ሆነ። ጡሩንባ ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ አፈሰሰ። ድስት ስለሌለን ዳኛው በገንዘብ ያዡ በኩል ከሆነ ቦታ አንድ ትልቅ ብረት ድስት በኪራይ አስመጥተው ጓሮ ተጣደ። ሒሳቡ ከእድሩ ካዝና ተከፈለ፤ ደረሰኙን ያየ የለም። ሴቶቹ ሽንኩርቱን ሲያቁላሉ፣ እማማ ግጣም ከነጠላቸው ሥር ግጣማቸውን አወጡ። «አመድ እንዳይገባበት» ብለው ድስቱ ላይ ገጠሙት።

ልክ ሆነ። በዙሪያው ክር የሚያሳልፍ ክፍተት የለም። ጠርዙ ላይ የተጣመመችው ቦታ እንኳ፣ ድስቱ አምና ወድቆ የተሰረጎደው ቦታ ላይ ቁጭ አለች።

ጓሮው ጸጥ አለ። የምትከትፈዋ ቢላዋዋን አቆመች። እማማ ቀስ ብለው ቀና አሉና፣ ለቀስተኛ እየተቀበሉ የቆሙትን ዳኛ በጣታቸው ጠሯቸው።

«ልጄ፣ ይህን ድስት ከማን ነው የተከራያችሁት?»

ዳኛው ድስቱን አዩ፣ ግጣሙን አዩ፣ እኛን አዩን። ከኪሳቸው ማስታወሻቸውን አወጡ።

«ሌላ ጥያቄ ያለው አለ? አንድ ላይ እንመልሳለን።»