ኧረ ኳሷን ልቀቃት!

በኑሮው ደግ የሆነ ሰው የእግር ኳስ ጌም ሊጫወት ጆይስቲክ ሲይዝ ስስታም ይሆናል። ያለውን አካፍሎ የሚኖር፣ ወንበሩን ለሌላ የሚለቅ፣ ሰው ሲያወራ የማያቋርጥ ጨዋ ሰው ነው። ጨዋታው ይጀመርና ኳሷ ክንፍ ላይ ያለው ተጫዋቹ እግር ሥር ትገባለች። በቃ። የሩጫዋን ቁልፍ ጨምድዶ ይይዛታል። ይሮጣል። ወዴት? ወደ ማዕዘኑ ባንዲራ። እዚያ ሦስት ተከላካይ ይጠብቀዋል። ባልደረቦቹ ባዶ ሜዳ ላይ ቆመው ያዩታል። መውጫ ሲያጣ ፓስ የሚባል ነገር ትዝ ይለዋል። ያቀብላል። ለማን? ለማስታወቂያ ሰሌዳው።

ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ጆይስቲኩን ያገላብጠዋል። ያለ ጥፋቱ የሚወቀስ ዕቃ ቢቆጠር ጆይስቲክን የሚቀድም ያለ አይመስለኝም። «ኤክሷ ትጣበቃለች» ይባላል፣ የፓሷን ቁልፍ ማለቱ ነው። ጎል ሲያገባ አልተጣበቀችም። ሌላው ደግሞ «ጌሙ ራሱ እንድሸነፍ ወስኗል» ይላል። ይህኛው ይብሳል። የኩባንያው ሰዎች ማታ ማታ ተሰብስበው ስለ እሱ የሚመክሩ ይመስለዋል።

ጌሙ ግን ብዙ ታግሶናል። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ «ፊፋ» በሚል ስም ሲወጣ ኖሮ በ2023 ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆነ። ተፎካካሪው ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከርም በ2021 ስሙን ለውጦ ኢፉትቦል ተባለ። ስም ተለወጠ፣ ሣሩ አማረ፣ የተጫዋቾቹ ላብ ሳይቀር መታየት ጀመረ። የኛ ሰው ግን ዛሬም ወደ ባንዲራው ይሮጣል።

ችግሩ ኤክስን ተጭኖ ሥራውን የጨረሰ መምሰሉ ነው። ጌሙ ፓሷን ከመልቀቁ በፊት የሚያየው ብዙ ነው። አቅጣጫ የሚሰጠው የግራው አናሎግ ወዴት ጠቆመ? ቁልፏ ምን ያህል ተያዘች? አቀባዩ ፊቱን ያዞረው ወዴት ነው? ተከላካይ ተጭኖታል? ኳሷ ያለችው በሚመቸው እግሩ ነው ወይስ በደካማው? የአጭር ፓስ ችሎታው ስንት ነው? አሁን የኛን ሰው ትእዛዝ እንይ። የመሃል ተከላካዩ እየሮጠ፣ ሁለት ሰው ተለጥፎበት፣ በደካማ እግሩ፣ ከጀርባው ላለ ሰው፣ በአንድ ንክኪ እንዲያቀብል ያዘዋል። የባርሴሎና አማካይ የነበረው ዣቪም ቢሆን እኮ መጀመሪያ ዞር ይል ነበር።

ዣቪን ካነሳን አይቀር፣ ሰውዬው ኳስ ሳትደርሰው ግራ ቀኙን በማየት ነው የሚታወቀው። ኳሷ ስትመጣ የሚያደርገውን ጨርሶ ይጠብቃታል። ጌም ውስጥ አንገት ማዞር እንኳ አያስፈልግም። ሁሉም ሰው የት እንደቆመ የምታሳይ ትንሽ ካርታ ከስክሪኑ ግርጌ ተቀምጣለች። ራዳር ናት። ለአንዳንዱ ጌጥ ትመስለዋለች። ካሜራውንም ራቅ፣ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ሴቲንግ ውስጥ አለ። የኛ ሰው ግን የተጫዋቹን ፀጉር አቆራረጥ አጥርቶ ማየት ስለሚፈልግ አስጠግቶ ይተወዋል። ፀጉሩን ያያል። ብቻውን ቆሞ እጁን የሚያወዛውዘውን አማካይ አያይም።

ቁልፏ ስትያዝ ወደምትሞላው የኃይል መለኪያ መስመር እንምጣ። ሰው ስሜቱን ከጓደኛው መደበቅ ይችላል፣ ከዚህች መስመር ግን አይችልም። ሲናደድ ጢም ብላ ትሞላለች። ሁለት ሜትር ላይ ላለ ባልደረባው ጥይት ይልካል። ያ ምስኪን እንደምንም እግሩን ይዘረጋል፣ ኳሷ ነጥራ ትርቃለች፣ ተቃራኒ ይወስዳታል። ሲፈራ ደግሞ ጫፏን ነካ አድርጎ ይተዋታል። ሜዳውን ማቋረጥ የነበረባት ኳስ መንገድ ላይ ደክሟት ትቆማለች። ለቅርብ ሰው ነካ፣ ለሩቅ ሰው ያዝ አድርጎ ለቀቅ። ሌላ ምሥጢር የለውም። በቅርብ ዓመታት በወጡት የኢኤ ጌሞች ላይ ጠንከር ያለ የመሬት ፓስ ካስፈለገ አር ዋንን ከኤክስ ጋር መጫን ነው።

ትሪያንግልማ ሱስ ናት። ይቺ ቁልፍ ኳሷን ለሰው ሳይሆን ከፊቱ ላለው ክፍት ቦታ ትልካለች። የሚሮጥ ሰው ሲኖር ግሩም ናት። አጥቂው ቆሞ ካልሲውን ሲያስተካክል ከሆነ ግን ኳሷ የምትደርሰው ለተቃራኒ በረኛ ነው። ብዙ ፓስ የተቀበለ ተብሎ ሽልማት ቢሰጥ ኖሮ ያ በረኛ ባለ ዋንጫ ነበር። ሯጭ ማስነሳት እኮ ቀላል ነው። ኤል ዋንን ነካ ሲያደርጓት ባልደረባ ወደፊት ይነሳል። ኤል ዋንና ኤክስን አብረው ሲጫኑ ደግሞ ያቀበለው ራሱ ይሮጣል። አንድ ሁለት ማለት ናት። የኛ ሰው ኤል ዋንን የሚያውቃት ሲከላከል ተጫዋች ሊቀይርባት ብቻ ነው። ሯጭ ተነስቶለትም ቢሆን ሲያስብ ይቆያል። ኳሷ ስትለቀቅ አጥቂው ተከላካዮቹን አልፎ ሄዷል። ኦፍሳይድ። አሁን ደግሞ ጥፋተኛው የመስመር ዳኛው ነው።

ቡድን ሲመርጥ ቲኪታካ፣ ማለትም በአጭር በአጭሩ እየተቀባበሉ ኳስ ማቆየት፣ ያምረዋል። ስፔንን ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓለም ዋንጫውን ያነሳው ስፔን በሰባት ጨዋታ ያገባው ስምንት ጎል ነው። ከምድቡ ካለፈ በኋላ አራቱንም ጨዋታ 1 ለ 0 አሸነፈ። በፍጻሜው ኢንዬስታ ያገባው በ116ኛው ደቂቃ ነው። የኛ ሰው ቲኪታካ የሚቆየው እስከ አሥረኛው ደቂቃ ነው። አንዱ አጋማሽ ስድስት ደቂቃ ከተደረገ የጌሙ አሥር ደቂቃ በእጅ ሰዓት አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ይሆናል። በዚህች ጊዜ ትዕግሥቱ ተሟጠጠ። «ይሄ ቡድን አያጠቃም!» ይልና በረዥሙ ይለጋታል። ወደ ኋላ ማቀበል ደግሞ ሽንፈት ይመስለዋል። ለተከላካዩ መልሶ አዲስ መንገድ ከመፈለግ ይልቅ አራት ሰው መሃል ገብቶ መነጠቅን ይመርጣል።

የፓስ እገዛውን ወደ ማኑዋል የቀየረውንስ አንርሳው። ጌሙ አቅጣጫውንና ኃይሉን ምንም አያግዘውም፣ ሁሉንም በጁ ይሠራል። ጥሩ ነው፣ ለሠለጠነ ሰው ደስ ይላል። ይሄኛው ግን ሰላም ከማለቱ በፊት ነው ማኑዋል እንደሚጫወት የሚነግርህ። ስድስት ለባዶ ተሸንፎ ይነሳል። «ለነገሩ እኔ ማኑዋል ነኝ» ይላል።

ከኋላ የተቀመጠም አለ። ተራ የሚጠብቀው። ፓስን ግማሽ በግማሽ የሚያበላሸው እሱ ነው። «ስጠው!» ይላል። ለማን? «ለእሱ!» እሱ ማነው? ስክሪኑ ላይ አሥር «እሱ» አለ። «ያ፣ ያ፣ በዚያ በኩል ያለው!» እያለ ሲጠቁም ክንዱ ግማሹን ሜዳ ይሸፍነዋል። ኳሷ ስትነጠቅ «ብዬህ ነበር» ይላል። ተራው ደርሶ ጆይስቲኩን ሲቀበል የመጀመሪያዋን ኳስ ከመሃል ሜዳ ወደ ጎል ይለጋታል።

ከልቡ መሻሻል የሚፈልግ ኮምፒውተሩን ዝቅ ባለ ደረጃ ያድርግና ለራሱ ሕግ ያውጣ። በራስ ሜዳ የሩጫ ቁልፍ ክልክል። አማካዮቹ በሙሉ ሳይነኳት ሹት ክልክል። ከሁሉም በላይ ኳስ ስትመጣ ጣትን ከሩጫው ቁልፍ ማንሳት። እየበረረ የተቀበለ ተጫዋች የመጀመሪያ ንክኪዋ ትርቅበታለች። በእኔ ግምት ይቺን ብቻ የለመደ ሰው ከግማሽ በላይ መንገድ ሄዷል። መሃል ባልገባ የተጫወተ ሁሉ ደግሞ ኳስ ያቆየ ሰው መሃል እንደሚገባ ያውቃል። ባርሴሎናዎች ሮንዶ እያሉ የሚለማመዱት እሱኑ ነው። የኛ ሰውም ይሞክረዋል። ሦስት ፓስ ያሳካል፣ ደስ ይለዋል፣ አራተኛዋ ላይ ፈጣኑ የክንፍ ተጫዋቹ ይታየዋል።

ዋናው ጉድ የሚመጣው ግን ሁለት ሰው በአንድ ቡድን ሲጫወት ነው። ኮምፒውተሩ ባልደረባ ቂም አይዝም። ስታስቀረው ዝም ብሎ ቦታውን ይዞ ይጠብቅሃል። ጓደኛህ ግን ይቆጥርብሃል። አንዴ በረኛው ፊት ብቻውን ቆሞ ካላቀበልከው አለቀ። ከዚያ ወዲያ ሂሳብ ማወራረድ እንጂ ኳስ የለም። ተራህ ደርሶ አንተ ብቻህን ስትቆም፣ እሱ በሌላው በኩል ሦስት ሰው እያታለለ ነው። ትጠራዋለህ። ትነሳለህ። ትጮኻለህ። ኳሷን ይነጠቅና ቀዝቀዝ ብሎ «አላየሁህም እኮ» ይልሃል። ስምህ ከተጫዋቹ አናት በላይ በትልቁ ተጽፏል።