ይድረስ ለክቡር ድሪፍት፣ ሳይነኩ ለሚሄዱት

ቀን፦ መብራት በጠፋበት ማክሰኞ ማታ
ጉዳዩ፦ አናሎጌን እንዲለቁልኝ ስለመጠየቅ

ይድረስ ለክቡር ድሪፍት፣ በግራው አናሎግ ውስጥ፣ ባሉበት።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ ማለት ወግ ነበር። ግን አንድም ቀን ተለይተውኝ አያውቁምና ናፍቆቱን ከየት ላምጣው? ማብሪያውን ስጫን እርስዎ ቀድመው ነቅተዋል። አውራ ጣቴን ሳላሳርፍ እርስዎ መንገድ ጀምረዋል።

ለማያውቅዎ ሰው ላስተዋውቅዎት። በእጅ የሚያዝ ጌም ላይ በአውራ ጣት የምትገፋ ትንሽ ክብ ነገር አለች። ልጆቹ አናሎግ ይሏታል። እሷ ማንም ሳይነካት "ተነክቻለሁ" ብላ ስትምል፣ እርስዎ ገብተዋል ማለት ነው።

ጌሟን ያመጣችልኝ እህቴ ናት፣ ከዱባይ ስትመጣ። ያገለገለች ናት። የሠራትን ኩባንያ ስም አልጠራም፤ የእህቴን ስጦታ በአደባባይ ማማት ነውር ነው። ደግሞም ውለታዋ አለብኝ። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥን ሳትጠይቅ የምትጫወት እሷ ብቻ ናት።

የተዋወቅንባትን ማታ ያስታውሷታል? ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። ጋቢዬን ተከናንቤ ኳስ እጫወታለሁ። አንድ ለአንድ ነን፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። በድንገት ተከላካዬ ኳሱን ትቶ ወደ ግራ መሄድ ጀመረ። ሮጦ ቢሆን ባልከፋኝ። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ሰኞ ገበያ በግ ሊያይ እንደወጣ ሽማግሌ። እጁን ወደ ኋላ ማጣመር ብቻ ነው የቀረው። የማዕዘኑን ባንዲራ አልፎ ከሜዳ ሊወጣ ሲል ጎል ገባብኝ።

ጮኼ ኖሯል። እናቴ ከረከቦቱ ቀና አለች።

"ምን ሆንክ?"

"ሳልነካው ይሄዳል።"

ጀበናዋን አስቀመጠች። "ሳይነኩት የሚሄድ ነገር እኔ ቤት አይውልም። ወይ ጠበል እርጭበት፣ ወይ ዱዓ አስደርግበት።" ወሎ ነው፤ ሁለቱም በቅርብ አለ። ጠበሉን እንኳ ተውኩት፣ ዕቃው ውሃ አይወድም።

አጎቴ ግን ባለሙያ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ይነዳል። ጌሟን ተቀብሎ ትንሽ አየና "እና ወደ ግራ ይስባል በለኛ! አላይመንት አሠራው" አለኝ። አላይመንት እንደሌለው ነገርኩት። "እንግዲያው መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ ይዘህ መንዳት ነው። እኔ በምትስብ መኪና የሐረጎን ቁልቁለት ስንት ጊዜ ወርጃለሁ።" ይህን ከሰማሁ ወዲህ ኮምቦልቻ የምወርደው በሌላ ሚኒባስ ነው። ምክሩን ግን ተቀብያለሁ። ይኸው ስድስት ወር ሙሉ ቆሜ ለመቆም ወደ ቀኝ እገፋለሁ። አውራ ጣቴ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር በቅሏል።

በኋላ ፒያሳ ወዳለ ሞባይል ጠጋኝ ወሰድኳት። ልጅ ነው፣ ጺሙ ገና እያሰበበት ነው። ችግሬን ሳልጨርስ "አብሽር!" አለኝ። እኛ አገር "አብሽር" ሁለት ትርጉም አለው፤ ወይ ነገሩ ቀላል ነው፣ ወይ አልቆለታል። ብሎኖቹን ፈታ፣ ጀርባዋን ከፈተ፣ አናሎጉን ነቅሎ አወጣ። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ጎንና ጎኑ ላይ ሁለት ሚጢጢ ሳጥኖች ተለጥፈዋል። አንደኛው የግራና የቀኙን ይለካል፣ ሌላኛው የላይና የታቹን። ፖቴንሽዮሜትር ይባላሉ።

የአንዱን ክዳን በጥፍሩ ፈልቅቆ በማጉያ መነጽር አሳየኝ። ውስጧ በካርቦን የተቀባች ጥቁር መንገድ አለች። በላይዋ ቀጭን የብረት ጣት ይመላለሳል። ጣቱ መሀል ላይ ሲቆም የሚያልፈው ቮልቴጅ ግማሽ ይሆናል፤ ማሽኗም "ባለቤቴ ዝም ብሏል" ብላ ትመዘግባለች። ጣቱ ሺህ ጊዜ ሲመላለስ ግን ካርቦኑ ይፋቃል። ብናኙም እዚያው ይቀራል። ከዚያ በኋላ ጣቱ መሀል ቆሞም ቁጥሩ ግማሽ አይመጣም። ማሽኗ ምን ታድርግ? የነገሯትን ነው የምታምነው።

ልጁ ጥጥ አልኮል ነክሮ መንገዷን ወለወለ። የጥጡ ጫፍ ጠቆረ። አስጠግቶ አሳየኝ።

ክቡርነትዎ፣ ያን ያህል ነዎት። ስድስት ወር ያሰቃየኝ ጌታ በጥጥ ጫፍ ላይ ኩል አያክልም።

ደግሞ ዘር ማንዘርዎን አወቅሁት። አባቴ ትልቅ ሬዲዮ ነበረው። ድምፅ መጨመሪያውን ሲያዞረው ኮሽሽሽ ይል ነበር፤ አንዱ ቦታ ላይ ድምፁ ጥፍት ይላል፣ ትንሽ ሲያልፉት ይጮሃል። አባቴ ጎኑን በጥፊ ይመታውና ዜናውን ይቀጥላል። ያ ማዞሪያ ውስጡ ይኸው ነው፤ የካርቦን መንገድ፣ የብረት ጣት። እርስዎ በአባቴ ሬዲዮ አድርገው ወደ እኔ የመጡ የቤተሰብ ዕዳ ነዎት።

300 ብር ከፈልኩ። "ወላሂ እንደ አዲስ ናት" አለኝ። አልዋሸም፣ ለአራት ቀን እንደ አዲስ ነበረች። በአምስተኛው ቀን ተከላካዬ እንደገና ሰኞ ገበያ ወረደ።

እርስዎን ብቻ መውቀስ ግን ግፍ ነው። አስጠግተው የሚያኖሩዎት አሉ። በየሁለት በየሦስት ዓመቱ "አዲሷ ወጣች" ይሉናል። የሶኒን በእጅ የምትያዝ ጌም፣ ፒኤስፒን ይውሰዱ። በፈረንጅ 2004 ጃፓን ውስጥ ስትወጣ 280 ግራም ነበረች። በ2007 ከሳችና 189 ግራም ሆነች። በ2008 ማይክ ገባላት። በ2009 ፒኤስፒ ጎ ተብላ ዲስኳን ጣለች። በ2011 ደግሞ በርካሽ ልትሸጥ ዋይፋይዋን አውልቃ መጣች። ይህን ሁሉ ልብስ ስትቀያይር አናሎጓ አንድ ነበር፤ ሁለተኛ ይጨመርላት ብሎ ያዘነላት የለም። ተተኪዋ ቪታ በ2011 ባማረ ኦሌድ ስክሪን መጣች፤ በ2013 የወጣችው ቀጭኗ ኦሌዱን በተለመደው ኤልሲዲ ለወጠችው። የኔንቲዶዋ ጌም ቦይ አድቫንስ ኤስፒ በ2003 መታጠፍ ተማረች፣ ስክሪኗም መብራት ገባለት፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳዋ ግን ተደፈነ። በአንድ እጅ ይሰጣሉ፣ በሌላው ይወስዳሉ። ይህን ዓይነት እድሳት ደሴ ውስጥ ቤት ያከራየ ሁሉ ያውቀዋል። ግድግዳው ይቀባል፣ ኪራዩ ይጨምራል፣ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ እንዳለ ነው።

የኔንቲዶዋ ስዊችማ የአደባባይ ታሪክ ሆነች። በ2017 ወጣች። በ2019 ባትሪዋ ተሻሻለ፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ተኩል ትቆይ የነበረችው ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ መቆየት ቻለች። ይመስገን። በዚያው ዓመት ስዊች ላይት መጣች፤ እሷ ጆይስቲኳ ከአካሏ ጋር አብሮ የተሰፋ ነው። ያው እርስዎ ከገቡ ነቅሎ ሌላ መሰካት የለም፣ ሙሽራዋን ከነሚዜዎቿ ተሸክሞ ጥገና ቤት መሄድ ነው። በ2020 የኔንቲዶ ፕሬዚዳንት ባለ አክሲዮኖች ፊት ጆይ ኮን በሚባሉት የስዊች ተነቃይ ጆይስቲኮች ምክንያት ለተቸገሩ ደንበኞች ይቅርታ ጠየቁ፤ ጉዳዩ አሜሪካ ፍርድ ቤት ስላለ ዝርዝር አልናገርም አሉ። በ2021 መጀመሪያ የአውሮፓ የሸማቾች ማኅበር ወደ 25,000 የሚጠጋ አቤቱታ ይዞ ለአውሮፓ ኮሚሽን አመለከተ። በዚያው ዓመት አዲስ ስዊች ወጣች። ስክሪኗ 7 ኢንች ኦሌድ ነው። ያምራል። ሲሄዱ በደንብ ይታያሉ።

መቼም መድኃኒትዎ አልታወቀም ነበር አይሉኝም። ኤድዊን ሆል የሚባል አሜሪካዊ በ1879 ማግኔት በኤሌክትሪክ ላይ የሚያደርገውን ነገር ደርሶበታል። አፄ ዮሐንስ ደሴን ቆረቆሯት ከሚባልበት ጊዜ በፊት መሆኑ ነው። በዚያ ብልሃት የሚሠራ አናሎግ ውስጥ የሚፋቅ ካርቦን የለም። ማግኔቷ ትንቀሳቀሳለች፣ ዳሳሹ በሩቁ ያያታል፣ ሳይነካኩ ይግባባሉ። እንደ ድሮ እጮኞች። ሴጋ ይህንን ድሪምካስት በሚባለው የቴሌቪዥን ጌሙ ጆይስቲክ ውስጥ ያስገባው በ1998 ነው። ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2025፣ ስዊች 2 ስትመጣ ሰው ሁሉ "በዚህስ ይኖራል" አለ። ኔንቲዶ አናሎጎቹ እንደ አዲስ ተሠርተዋል፣ በሆል ብልሃት ግን አይሠሩም አለ። እርስዎ ይህን ሲሰሙ እልል አላሉም? (ለእውነቱ ሲባል፣ ማግኔቱም ቅዱስ አይደለም። ስፕሪንጉ ከላላ እሱም መሀሉን ይስታል። ግን ከመፋቅ መላላት ይሻላል።)

አንድ ሰሞን በሰላም ልንኖር ሞከርን። ሴቲንግ ውስጥ ዴድ ዞን የሚባል ነገር አለ። ለማሽኗ "ትንሽ ትንሹን እንቅስቃሴ እንዳልሰማሽ እለፊው" ይላታል። ሰፋ አደረግኩት። እርስዎ ዝም አሉ፣ እኔም አብሬ ዝም አልኩ። ቀስ ብዬ ስገፋ አትሰማኝም፣ ጠንከር ስል ትዘላለች። አማት ፊት እንደ መራመድ ነው። መለስኩት።

የማልረሳልዎት ግን የዋይፋዩን ነገር ነው። ጎረቤቴ በስንት ልመና የይለፍ ቃሉን ሰጠኝ። በስክሪኑ ላይ ባለው ኪቦርድ በአናሎግ እየለቀምኩ ልጽፍ ነው። ኤል ፈልጌ እጓዛለሁ፣ ልጫን ስል ኤ ላይ ወስደው ያስቀምጡኛል። ኬ እፈልጋለሁ፣ ኤ። ጄ፣ ኤ። ጎረቤቴ በራፉ ላይ ቆሞ "ገባልህ?" ይላል። "አአአአአ" የሚል ቃል ጽፌ "እየገባ ነው" እላለሁ። በመጨረሻ ሰውዬው ተጠራጠረ መሰለኝ፣ በማግስቱ የይለፍ ቃሉን ቀየረው።

ያን ቀን እንኳ አልተሳደብኩም። የተሳደብኩት ሦስት ሳምንት የደከምኩበትን ጨዋታ ያጠፉብኝ ቀን ነው። "ሴቭ ይጥፋ?" ብላ ጠየቀች። "አይ" ላይ ነበርኩ። በረካዬን ልቀበል አንዴ እጄን አነሳሁ። ቁልፉን ስጫን "አዎ" ላይ ደርሰው ነበር። አንተ! አንተ ዓይነ ደረቅ! ማን ጠየቀህ? ማን ምረጥ አለህ?

ይቅርታ፣ አንቱታውን ዘነጋሁት። ደሴ ሰው አንቱ የሚልበት አገር ነው።

እንግዳ መቀበሉንም እናውቅበታለን። ንጉሥ ሚካኤል ግብር የሚያበሉበትን አዳራሽ አይጠየፍ ብለው የሰየሙት በከንቱ አይደለም። ያ ቤት ማንንም አይጠየፍም። እኔ ግን አንድ አናሎግ ነው ያለኝ፣ አዳራሽ የለኝም።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ቦታውን እንዲለቁ እጠይቃለሁ። እምቢ ካሉ፣ እህቴ ለአረፋ ስትመጣ ማግኔት ያለበት አናሎግ ይዛ ትመጣለች። ክብሪት ሳጥን ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው፣ ኪሎ አይበላባትም። የፒያሳው ልጅ አሮጌውን አንስቶ አዲሱን ይበይደዋል። ጠይቄው "አብሽር!" ብሎኛል። የትኛውን "አብሽር" እንደሆነ ገና አልለየሁም።

ከሰላምታ ጋር፣
ወደ ቀኝ እየገፋሁ የቆምኩት

ግልባጭ፦
ለእናቴ፣ ዱዓው ይቀጥል ዘንድ
ለአጎቴ፣ የገዛ መኪናውን አላይመንት ያሠራ ዘንድ
ለክቡር የቀኝ አናሎግ፣ ከትናንት ማታ ጀምረው ወደ ሰማይ ማየት ስላበዙ፣ እንዲያውቁት