አቦ፣ ሁለት ሰከንድ ቁሙልኝ!

ፎከሱ በእጅ የሚያዝ፣ ማለት ቀለበቱን እያዞሩ ምስሉን የሚያጠሩበት ሌንስ ይዞ ሐረር ውስጥ ሰርግ ማንሳት ምን ማለት እንደሆነ የማታውቁ፣ ዛሬ ስሙኝ። ደሜ ፈልቷል።

ሌንሷን ታውቋታላችሁ፣ ሄሊዮስ 44-2፣ 58 ሚሊሜትር፣ የሶቪየት ሥራ። ሞተር የላትም። መስታወትና ብረት ናት። አፐርቸሩን፣ ብርሃን የምታስገባበትን ቀዳዳ፣ 2 ላይ እስከ መጨረሻ ከፍቼ ሰውን ከአንድ ሜትር ሳነሳ ጥርት ብሎ የሚወጣው 4 ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ዓይኑን ይዤለት ወደ ፊት ዘንበል ካለ አለቀ፣ የሚጠራው ጆሮው ነው! ታዲያ "እንዳትንቀሳቀሱ" ማለቴ ጥጋብ ነው?

የሙሽራዋ አጎት ጥጋብ መስሏቸዋል። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አንተ ልጅ፣ ተበላሽቶብህ ነው እንዲህ የምታሽከረክረው?" አሉኝ።

"አይ ጋሼ፣ ፎከሱ በእጅ ነው የሚያዘው።"

"በእጅ? በዚህ ዘመን?" ወደ ሰዉ ዞሩ። ሳቅ። "ና አንተ፣ በስልክህ አንሳን። ይሄ ሲያዞር ሊመሽብን ነው!"

ልጁ ጠቅ ጠቅ አደረገ። "አየህ? ይኸው አለቀ!" ሙሽሮቹም ወደ ስልኩ ዞሩ። እኔ የተከፈለኝ ሰውዬ እዚያው ተገትሬ ቀረሁ።

ወላሂ ያን የስልክ ፎቶ አጉልታችሁ እዩት። ጀርባውን ብዥ የሚያደርገው ሶፍትዌር ነው፤ የሙሽራዋን ጸጉር ግማሹን በልቶታል። የእኔዋ እንዲህ አታደርግም። ባለፈው ልብስ ሰፊዎቹ ሰፈር፣ መኪና ግርግር፣ ያነሳሁትን ልብስ ሰፊ አይታችሁት የለ? ጣቱና መርፌው ቁልጭ ብለው፣ ከኋላ የተሰቀለው ጨርቅ ቀልጦ ቀለም ብቻ ሆኖ። ያን ቀን ደግሞ ሰው ሁሉ በፊቴ ሲያልፍ፣ አንዱ ትከሻዬን ገፍቶኝ ሲሄድ ነው የዋለው። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ።

የካሜራ ጠጋኙስ? ካሜራው "ሌንስ አልተገጠመም" ብሎ አላነሳም ሲለኝ ወሰድኩለት። "ሌንሱ ሞቷል፣ ሌላ ግዛ" አለኝ፤ የምርመራም አስከፈለኝ። ሌንሷ ኤሌክትሮኒክስ ስለሌላት ካሜራው አያውቃትም፣ በቃ። ያለ ሌንስ እንዲያነሳ የሚፈቅደውን ማስተካከያ ማብራት ነው። አንድ ቁልፍ ነው እኮ! በማያውቁት ነገር ገንዘብ መቀበል ምን የሚሉት ነው?

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ቤታችን ግድግዳ ላይ ያለውን የቤተሰብ ፎቶ ሁሉ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ያለሁበት አንድም የጠራ የለም። ፎከሱን አስተካክዬ፣ "ይቺን የሌንሷን ቀለበት እንዳትነካት፣ እዚህ ብቻ ተጫን" ብዬ እሰጣለሁ። ዞር ስል ያዞራታል። ሁሉም ያዞራታል! እናቴ አጠገብ የቆመው ጭጋግ እኔ ነኝ።

ደክሞኛል። ከእናንተ መሃል ፎከስ መያዝ ሊማር የሚፈልግ ካለ ይምጣ፣ ማታ ማታ ፈረስ መጋላ አደባባይ አለሁ። ቡናው በእኔ። ሲችል ደግሞ ቤት ይዤው እሄድና ከእናቴ ጋር ያነሳኛል።