ከቦሌ እስከ ደለስ

ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ ያለውን ርቀት ኢንተርኔት ብትጠይቁት ወዲያው ይመልሳል። 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሱ የሚቆጥረው ከአየር ማረፊያ እስከ አየር ማረፊያ ነው። የኛ ሰው ጉዞ ግን የሚጀምረው ሳሎን ውስጥ፣ ሚዛን ላይ ነው።

ተጓዡ መጀመሪያ ሻንጣውን አቅፎ ሚዛኑ ላይ ይቆማል። ቀጥሎ ብቻውን። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይቀንሳል። ከ23 ኪሎ ካለፈ የራሱ ጫማ ይወጣል እንጂ በርበሬው አይነካም። የሰው አደራ ነዋ! ይሄኔ በር ይንኳኳል። የጎረቤት እትዬ ናቸው፣ ፌስታል ይዘው።

«ይቺን ለልጄ አድርስልኝ የኔ ልጅ። ክብደት የላትም።»

ክብደት የሌላት ሽሮ ሦስት ኪሎ ትመዝናለች። እምቢ ማለት ደግሞ አይቻልም። ወሬው ከአውሮፕላኑ ቀድሞ ልጃቸው የሚኖርበት፣ ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ይገባል።

ወደ አሜሪካ ሲኬድ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት የማረፍ ልማድ አለው። ድሮ ሮም ነበር፣ በኋላ ደብሊን ሆነ። እንዲህ ሲሆን ጉዞው ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ምክንያቱ ከፍታው ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ክንፉም ሞተሩም እንደ ቆላ አየር አያገኙም። ሰው፣ ዕቃና ሙሉ ነዳጅ አንድ ላይ ይዞ መነሳት ይከብዳል። ነፋሱም ከፊት ነው። ደለስ ግን 100 ሜትር እንኳ ከፍታ የለውም፤ ሲመለስ ታንኩን ሞልቶ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ በ13 ሰዓት ገደማ በቀጥታ ቦሌ ይገባል። ሳይንሱ እንዲህ ይላል። ሚዛኑን ያየ ሰው ግን ሽሮዋን ይጠረጥራል።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ አለ። ዋሽንግተን በክረምቷ 8፣ በበጋዋ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ፈረንጅ ይሄን ሲያሰላ ራሱ ይዞራል። በአበሻ ሰዓት የሚሄድ ሰው ግን በበጋዋ የእጅ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ ቢያዞር ይበቃዋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አዲስ አበባ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 2 ሰዓት ዋሽንግተን። የቀረው እንቅልፍ ማጣት ነው።

ደለስ ሲደርስ ስልኩን ይከፍታል። «በሰላም ገባህ?» የሚለው ገና ሳያልቅ «ዕቃዋስ?» ይከተላል። ዕቃዋ ደርሳለች፤ ባለቤቷ ነው የጠፋው። ከደለስ ሲልቨር ስፕሪንግ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጅየው ግን ድርብ ሥራ ላይ ነው። «ቅዳሜ መጥቼ እወስዳለሁ» ይላል። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አይናገርም። እትዬ በየቀኑ ይደውላሉ።