ገደለችው አለኝ

«ገደለችዋ! ምን ጥያቄ አለው?» አለኝ ጓደኛዬ። ስለ «አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል» እያወራን ነው። ሰሞኑን እ.ኤ.አ. በ2023 የፈረንሳዩ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የነገሡትን ፊልሞች፣ ዓለም አይቶ ከጠገባቸው በኋላ እንደ ልማዴ ዘግይቼ አንድ በአንድ እያየሁ ነው፣ ይሄኛው ደግሞ የዛን ዓመት ትልቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን የወሰደው ነው። ባል ከላይ ወድቆ በረዶው ላይ ሞቶ ይገኛል፣ ሚስት ትከሰሳለች፣ ወደቀ ወይስ ራሱን ወረወረ ወይስ ተገፈተረ እያልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ስትብሰለሰል ትቆያለህ፣ መጨረሻ ላይ ፍርድ ቤቱ የራሱን ይወስናል አንተ ግን ጥርጣሬህን ይዘህ ትነሳለህ። ዳይሬክተሯ ጀስቲን ትሪየት ሆን ብላ ነው እንደዛ ያረገችው። ጓደኛዬ ያን ሁሉ በአንድ ቃል ዘጋው። «በምን አወቅክ?» ስለው «ሰውዬው አለ እኮ» አለኝ። የቱ ሰውዬ? አቃቤ ህጉ? የለም፣ ፊልሙን በአስር ደቂቃ ጨምቆ የሚተርከው የሪካፑ ሰውዬ ነው!

ፊልሙን አላየውማ። ሪካፑን ነው ያየው፣ እሱንም አፍጥኖ።

ሰው ፊልም አላየም ብዬ ተቀይሜ አላውቅም፣ ማንም ማየት የለበትም። ግን «አይቼዋለሁ» ብሎ ደግሞ ይከራከረኛል እንዴ? እዛ ፊልም ውስጥ ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ የተቀዳ ድምጽ ችሎት ላይ ይከፈታል። ጭቅጭቁን በዓይናችን እያየን ቆይተን ልክ መደባደብ ሲጀመር ዳይሬክተሯ ምስሉን ነጥቃን ወደ ችሎቱ ትመልሰናለች፣ ከዛ በኋላ እንደ ዳኞቹ መስማት ብቻ ነው። ማን ማንን እንደመታ በጆሮህ ገምት! ፊልሙ ያለው እዛች ላይ ነው። ሪካፑ ግን «ከዚያም ተጣሉ» ብሎ አለፋት። ውሻውንም አላነሳው አሉ፣ ውሻው እኮ ለትወናው ካን ላይ የውሾች ሽልማት የወሰደ ነው፣ አልቀለድኩም፣ «ፓልም ዶግ» የሚባል አለ።

እሱስ ይሁን። ሚስትየዋን ሆና የሠራችው ተዋናይት ሳንድራ ሁለር በዛው ዓመት «ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት» በሚባል ሌላ ፊልም ላይ አውሽቪትዝ የተባለው የናዚዎች የእልቂት ካምፕ አዛዥ ሚስት ሆናለች። ቤታቸው ከካምፑ ጋር አጥር ለአጥር ነው፣ እሷ አበባዋን ትንከባከባለች፣ ልጆቹ ይዋኛሉ፣ ከግንቡ ጀርባ ያለውን ደግሞ አንድም ጊዜ አታየውም፣ ትሰማዋለህ እንጂ። ተኩስ፣ ጩኸት፣ ማቆሚያ የሌለው ጉምጉምታ። ኦስካር ላይ የምርጥ ድምጽን የወሰደው በምክንያት ነው። አሁን የዚህን ፊልም ሪካፕ አስቡት። አንድ ሰውዬ በዛ ድምጽ ላይ «ይህ ሰውዬ ቆንጆ ቤት አለው፣ ሚስቱም ደስተኛ ናት» እያለ ሲያወራበት! ፊልሙ የተሠራበትን ነገር በወሬው ሸፍኖት እኮ ነው የሚያሳጥርልህ።

የምወዳት ተረት አለች፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች»። ሰው ሁሉ የሚተርታት ሴትዮዋ ላይ ለመሳቅ ነው፣ እኔ ግን ሁሌም ተበድላለች ባይ ነኝ። ቸኮለች፣ እሺ። አፈሰሰች፣ እሺ። ግን ጎንበስ ብላ ለቅማለች! አንዷን ሳትተው ለቅማለች፣ ጊዜዋንም በመጨረሻ ሰጥታለች። የዛሬው ቸኳይ ማፍሰሱን እንጂ መልቀሙን የት ያውቀዋል፣ ያፈሰሰውን ረግጦት ሄዶ ባዶውን እቃ እያሳየ ስለ ይዘቱ ይከራከርሃል። እቺ ሴትዮ ይቅርታ ልትጠየቅ ይገባታል፣ እኔ በበኩሌ ጠይቄያታለሁ።

ማፍጠኑ ደግሞ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። በድምጽ አልባው ፊልም ዘመን ካሜራውም ፕሮጀክተሩም በእጅ ይዞር ስለነበር አንዳንድ ሲኒማ ቤቶች በቀን ውስጥ አንድ ዙር ተመልካች ጨምረው ለማስገባት ሲሉ ፕሮጀክተሩን ያስሮጡት ነበር። ድምጽ ሲመጣ ቀልዱ ቀረ፣ ድምጽ ሲፈጥን ወዲያው ጆሮ ላይ ያስታውቃላ፣ እናም ነገሩ በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ምስል ላይ ረጋ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ ኔትፍሊክስ ስልክ ላይ ማፍጠኛ ሲሞክር ዳይሬክተሮች ጮኹ፣ ጮኸው ጮኸው ዝም አሉ፣ በቀጣዩ ዓመት ገባ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፣ የድሮው ባለ ሲኒማ ቤት ተመልካቹን ሲሸውድ ቢያንስ ገንዘብ ያገኝበት ነበር፣ የአሁኑ ተመልካች ራሱን የሚሸውደው በነጻ ነው።

የሲኒማ ጀማሪዎቹ ሉሚየር ወንድማማቾች ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ፓሪስ ላይ አስከፍለው ሲያሳዩ አስር ፊልም ነበር፣ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም። አንዱ ላይ ሠራተኞች ከፋብሪካ ይወጣሉ፣ አለቀ። ሰው ግን አፉን ከፍቶ አየ። ጓደኛዬ እዛ ቢቀመጥ ኖሮ ለጎረቤቱ «ይወጣሉ» ብሎ ነግሮት ነበር።

ስለ መንገር ካነሳን የቆየ ቂም አለብኝ። ከዓመታት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ፊልም ልጀምር እንደሆነ ስነግረው «አሪፍ ነው፣ መጨረሻ ላይ ወንድሙ ሆኖ መገኘቱ ነው ያስገረመኝ» አለኝ። እንዲሁ፣ ሳልጠይቀው፣ እየሳቀ። የፊልሙን ስም አልጠራም፣ እኔ እንደሱ አይደለሁም። ፊልሙን ሙሉውን ያንን ወንድምየውን እያየሁ፣ ሲያለቅስ አላምነው፣ ሲስቅ አላምነው፣ ሌላ ምንም ሳላይ አለቀ። ዳይሬክተሩ ሂችኮክ በ1960 «ሳይኮ» የተባለውን ፊልሙን ሲያወጣ ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ አስከልክሎ ነበር፣ መጨረሻውን አትናገሩ ብሎም ተመልካቹን ለምኗል። በሩን በዘበኛ ማስጠበቅ ይቻላል፣ የባልደረባዬን አፍ ግን ማን ይጠብቀው? እስካሁን ሰላም ስንባባል ደስ አይለኝም፣ እሱ ደግሞ ምክንያቱን አያውቅም፣ ይሄ ራሱ ያናድደኛል።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ «ፐርፌክት ዴይስ»። ከሰሞኑ ሁሉ እሱን ነው የወደድኩት። ቶኪዮ ውስጥ የህዝብ ሽንት ቤት የሚያጸዳ ሰው ነው፣ ኮጂ ያኩሾ ነው የሚሠራው፣ ካን ላይም ምርጥ ተዋናይ ተብሎበታል። ለጓደኛዬ ስነግረው «ከዛስ?» አለኝ። ይነጋል፣ ይነሳል፣ ችግኞቹን ውሃ ያጠጣል፣ መኪናው ውስጥ ካሴት ከፍቶ ወደ ሥራ ይሄዳል። «ከዛስ?» ያጸዳል፣ በእረፍቱ ዛፍ ፎቶ ያነሳል። «ከዛስ?» ይነጋላ! መጨረሻው ላይ ሰውዬው እየነዳ ካሜራው ፊቱ ላይ ይቆያል፣ ቆይቶም አይነሳም፣ ፊቱ ይስቃል ያለቅሳል የቱ እንደሆነ አይለይህም። ይሄን ነግሬያችሁ ምንም አላበላሸሁባችሁም፣ ምክንያቱም ተነግሮ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ዳይሬክተሩ ዊም ቬንደርስ ይሄን ፊት ያን ያህል አቆይቶ ሲያሳየን «ስሎው ነው» የሚል ሰው ምን ሊደረግ ነው? ጊዜ የለኝም ይለኛል ደግሞ። ጊዜ የለኝም የሚለው ሰው እኮ ሪካፕ በሪካፕ ላይ እየደራረበ ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ ስልኩ ላይ ተጥዶ የሚያድር ነው! በዛ ሰዓት ስንት ሙሉ ፊልም ይታይ ነበር።

ርዝመት ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። «ዘ ብሩታሊስት» ሦስት ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው፣ የመጀመሪያው አጋማሽ አፌን አስከፍቶኛል፣ ሁለተኛው ግን ማንከስ ይጀምራል፣ እኔም ሰዓቴን ሰረቅ እያረግኩ አይቻለሁ። ቢሆንም መሀል ላይ የ15 ደቂቃ እረፍት አላት፣ እንደ ድሮዎቹ ረጃጅም ፊልሞች፣ እዛው ፊልሙ ውስጥ ደቂቃ እየቆጠረች። ፊልም ይረዝምብናል ለሚሉ ሁሉ መልሱ ይቺ እንጂ ሪካፕ አይደለም ብዬ ለጓደኛዬ በስሜት አስረዳሁት፣ እንዲያውም ከእረፍቱ በፊት ያለውን ብቻ እይልኝ አልኩት።

«የምን እረፍት?» አለኝ። «እኔ አይቼዋለሁ፣ እረፍት የሚባል የለውም።»