የድሬዳዋ ውሃ ከኩላሊታችን በፊት ኪሳችንን ይጎዳል

ድሬዳዋ ውስጥ ወገቡን የያዘ ሰው ሁሉ «ውሃው ነው» ይባላል። ሐኪም ሳያየው ጎረቤት መርምሮ ይጨርሰዋል። ማስረጃውም ማንቆርቆሪያው ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ነጭ፣ ሻካራ፣ በማንኪያ ጫፍ ሲፍቁት በቅርፊት በቅርፊት የሚነሳ ነገር። ብረት ላይ እንዲህ ከተጋገረ ኩላሊት ላይ የማይጋገርበት ምን ምክንያት አለ? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሱ ግን ከከዚራ እስከ መጋላ ሲባል የምንሰማው አይደለም።

ከተማችን ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። ደቻቱም ጎርፍ ካልመጣበት አሸዋ ነው። የምንጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ እየሰረገ፣ ካልሲየምና ማግኒዚየሙን እያሟሟ ወርዶ ሳቢያን አካባቢ ካሉት ጉድጓዶች ይወጣል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ይኸው ድንጋይ ስላለ ነው። ለፋብሪካው ሲሳይ የሆነው ድንጋይ እኛ ቤት በቧንቧ ይመጣል።

ውሃው ሲፈላ የሟሟው ካልሲየም ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ተለውጦ ዕቃው ላይ ይለጠፋል። የኩላሊት ጠጠር ግን በአብዛኛው ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል ሌላ ነገር ነው፤ አፈጣጠሩም ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለውሃ ጥንካሬ፣ ማለትም ውሃው ውስጥ ለሟሟው ካልሲየምና ማግኒዚየም መጠን፣ ከጤና አንጻር ያስቀመጠው ገደብ የለም። በዚህ ሙቀት ጠጠር የሚያመጣው ይልቅ ላብ በዝቶ ውሃ ማነሱ ነው። ነጩን ነገር ፈርቶ የቧንቧ ውሃ የሚሸሽ፣ የታሸገውንም በየቀኑ መግዛት የማይችል ሰው በርጫው ላይ በለስላሳ ይውላል። ፍርሃቱ ራሱ ጠጠር ጠሪ ሆነ ማለት ነው።

ጉዳቱ ያለው ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ነው። ባቄላ ወይም ሽምብራ ለንፍሮ የጣደች ሴት ታውቀዋለች። ካልሲየሙ የእህሉን ቆዳ ስለሚያጠነክረው አልበስል ይላል፤ አንድ ምድጃ ከሰል ያልቃል፣ ሌላ ይጨመራል። ደረቅ ሳሙናም አረፋ ሳይሰጥ ከካልሲየሙ ጋር ተያይዞ ዝቃጭ ይሆናል፤ ነጠላው ታጥቦ ታጥቦ ይወይባል። የሻወሩ ቀዳዳ ይደፈናል። ቦይለር ያለው ደግሞ ሬዚስታንሱ ላይ የተጋገረው ነጭ ነገር ሙቀቱን አላሳልፍ እያለው መብራት ይከፍላል፤ በመጨረሻም ሬዚስታንሱ ተቃጥሎ ሌላ ይገዛል። ይህ ወጪ ውሃ ሂሳብ ደረሰኝ ላይ አይወጣም እንጂ የምንከፍለው ለውሃ ነው።

በነገራችን ላይ በረኪና ይህን ነገር አያስለቅቅም። የሚያስለቅቀው ሎሚ ወይም አቼቶ ነው፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ከውሃ ጋር አሙቆ ማሳደር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያደርጉ አሉ፤ በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

አቅም ያለው ማጣሪያ ይገዛል። በጨው የሚሠራው ካልሲየሙን በሶዲየም ይተካል፤ ይህ ለልብስ ማጠቢያና ለቦይለር ይሁን፣ ደም ግፊት ላለበት ሰው መጠጥ ግን አይመረጥም። በግፊት የሚያጣራው ደግሞ የሚደፋው ውሃ ብዙ ጊዜ ከሚያጣራው ይበልጣል። ውሃ በፈረቃ በሚጠበቅበት ሰፈር ይህ ለኔ አይዋጥልኝም።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ማንቆርቆሪያ ላይ የማይታየው ነው። ናይትሬት ነው፤ ከሽንት ቤት ፍሳሽ ወደ ውሃው የሚገባ ነገር። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ አይጋገር። ከተማዋ በአብዛኛው የምትጠቀመው የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው፤ ከሥሩ ያለው አሸዋና የተሰነጣጠቀ ድንጋይ ደግሞ ፍሳሹን ወደ ታች ያሳልፈዋል። በድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ የተሠሩ ጥናቶች በአንዳንድ ጉድጓዶች የናይትሬቱ መጠን በሊትር ከ50 ሚሊግራም በላይ ሆኖ አግኝተውታል። 50 የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ ነው። ከዚያ ሲያልፍ በተለይ በጡጦ የሚያድግ ጨቅላ ሕፃን ደሙ ኦክስጅን መሸከም ይሳነዋል። እናት ለልጇ ብላ ውሃውን ደጋግማ ታፈላለች፤ ነጩ ሲቀር ደስ ይላታል። ናይትሬቱ ግን በመፍላት አይወጣም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር መጠኑ ይጨምራል። ማፍላት ጀርም ይገድላልና አትተዉት፤ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ ግን አውርዱት።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። የእያንዳንዱ ጉድጓድ የላቦራቶሪ ውጤት፣ ጥንካሬውም ናይትሬቱም፣ በየወሩ ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የትኛው ሰፈር ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚጠጣም አብሮ ይጻፍ። ናይትሬቱ ያለፈበት ጉድጓድ ከተሻለው ጋር ይደባለቅ፤ ካልሆነም ከመጠጥ መስመር ይውጣ። ካልሲየሙን የሚያለሰልስ ትልቅ ጣቢያ ይሠራልን የሚሉ ወገኖችን እሰማለሁ። እኔ በበኩሌ ያ ገንዘብ ከተገኘ ለፍሳሽ መስመር ይዋል እላለሁ፤ የማንቆርቆሪያውን ነገር በሎሚ እንወጣዋለን።